በጥንቃቄ የፈሰሰ ሻይ

ሰው ስለ እድፍ ይዋሻል። ወይን የደፋው ቡና ነው ይላል፤ ደም የነካው ዝገት ነው ይላል፤ የራሱ ላብ ያወየበውን አንገትጌ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው ይላል። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ፖሊስም አይደለሁም። ግን የተሳሳተ መልስ የተሳሳተ መድኃኒት ያመጣል። ደምን በሙቅ ውሃ ያጠበ ሰው እድፉን አተመው እንጂ አላስለቀቀውም፤ ዝገት ላይ በረኪና ያፈሰሰም እንደዚያው። ስለዚህ የድሮ ልብስ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ምን ነካው፣ መቼ ነካው ብዬ እጠይቃለሁ። ከመልሱ ግማሹን አምናለሁ። የቀረውን ጨርቁን እጠይቃለሁ።

ክፍሌ ከላውንደሪው ጀርባ ናት። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው በማጠቢያ ማሽኖቹ መካከል አልፎ፣ ከአንሶላ ክምር ጋር ተጋፍቶ፣ ባለ መስታወቷን በር መግፋት አለበት። ውስጥ አንድ መስኮት አለ፤ መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ፎጣዎች፣ የተጣራ ውሃ፣ ኮምጣጤ፣ ጥጥ፣ ማጉያ መነጽር። ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። ከክፍል ጓደኞቼ ገሚሶቹ ቀለም ፋብሪካ ገቡ፣ ገሚሶቹ አገር ለቀው ሄዱ፤ አብራኝ ቤት ተከራይታ የነበረችውም ፍራሿን ትታልኝ አግብታ ወጣች። እኔ እዚህ ቀረሁ። ሥራው ይስማማኛል። ጨርቅ ወሬ አያበዛም።

በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ። ሰው ሲያወራኝ የነገሩን መጨረሻ ከመሐል እገምትና ቀድሜ ደርሼ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ትዕግሥቴን ሁሉ ጨርቅ ይወስደዋል፤ ለሰው የሚተርፍ የለኝም። ባለ ላውንደሪዋ በዚህ ነው የምትስቅብኝ። እሷ የአንድ ሆቴል አንሶላ አጥባ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ስትጨርስ እኔ ገና ከአንዲት ነጥብ ጋር እንደተፋጠጥኩ ታገኘኛለች። “ልታገቢያት ነው እንዴ?” ትለኛለች በበሩ ብቅ ብላ።

ጠራዡ መጀመሪያ የመጡ ቀን ቀሚሱን ያመጡት በሁለት ካርቶን መካከል አድርገው፣ በገመድ አስረው ነበር። መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ እጃቸው ግን አልወጣም። ገመዱን ሲፈቱት ሳይቆርጡት፣ ቋጠሮውን በጥፍራቸው ጫፍ ለቅመው፣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ያን ጊዜ ወደድኳቸው መሰለኝ። ከካርቶኑ የወጣው ሟች ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው የሰፉት የሐር ቀሚስ ነው። ቅቤ የመሰለ ቀለም፣ ረጅም እጅጌ፣ ከጀርባው እስከ ወገብ በዚያው ሐር የተሸፈኑ ደቃቅ ቁልፎች። አንገቱ ዙሪያ ወይቧል፤ ለዓመታት ታጥፎ በቆየበት መስመር ላይ ደግሞ ቡናማ ጠባሳ ወጥቷል።

ምን ነካው ብዬ ጠየቅኳቸው።

“እኔ እንጃ ልጄ። እሱን የምታውቀው እሷ ነበረች።”

ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ አንድ ልጃቸው ናት። ልታገባ ነው፤ የእናቴን ቀሚስ ካልሆነ አልለብስም ብላለች አሉኝ። ቀሚሱን ማጽዳት፣ ከዚያም ለእሷ መላክ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወይም መስሎኝ ነበር።

የድሮ ሐር ሲረጥብ አቅም ያጣል። አቅም ያጣን ማሸት ማቁሰል ነው፤ ስለዚህ አይታሽም፣ አይጨመቅም፣ አይሰቀልም። መጀመሪያ ከውስጥ በኩል፣ ከስፌቱ ትርፍ ላይ በአንድ ጠብታ ይሞከራል፤ ቀለሙ ካልለቀቀ ልብሱ ፎጣ ላይ ይነጠፋል፤ ከላይ በጥጥ ውሃ ይሰጠዋል፣ ከሥር ፎጣው ይጠጣለታል። እድፉ ራሱ ነው ወርዶ የሚሄደው። ፎጣ መቀየር፣ መጠበቅ፣ ደግሞ መቀየር። ሳሙና ካስፈለገ ለስላሳው፣ በጣም ቀጥኖ፤ ከዚያ ሳሙናውን ማስወጣት ከእድፉ የባሰ ሥራ ነው።

ጠራዡ ሥራውን ከጀመርኩ ወዲያ በየጊዜው ብቅ ማለት ጀመሩ። ስላልቸኮሉ አላባረርኳቸውም፤ ግን ይጠይቃሉ። ዛሬ ምን አደረግሽ? ኮምጣጤው ለምን? ስንት ጊዜ ፎጣ ቀየርሽ? ፎጣውን ከቀሚሱ ሥር ሳስገባ ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ እኛም ጋ እንዲህ ነው ይሉኛል፤ ጠራዥ በሁለት ገጽ መካከል ወረቀት ሳይጥል ሙጫ አይነካም። እኔ በአጭሩ እመልሳለሁ። እሳቸው መልሴን እንደ ተማሪ በለሆሳስ ይደግሙታል። “በርቺ ዶክተር” ብለውኝ ይወጣሉ። ዶክተር አይደለሁም ብያቸው ነበር፤ ትሆኛለሽ አሉኝ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ግን ተሰላቸሁ። ፈተና አለብዎት ወይ አልኳቸው። ሳቁና የሆነውን ነገሩኝ።

ልጃቸው እሁድ እሁድ ትደውላለች። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ስልኩ የእናትየው ነበር። እናትና ልጅ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲነታረኩ ቆይተው በመጨረሻ “እንኪ፣ አባትሽን” ይባልና ለጠራዡ ይሰጣቸዋል። እሳቸው ደህና ነሽ ይላሉ፣ በርቺ ይላሉ፣ ይመልሳሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ልጅየው መደወሏን አልተወችም። ግን የቀረው ያ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ሆነ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በርቺ፣ በርታ። ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ዝም። ቀሚሱ ከመጣ ወዲህ ግን ትጠይቃቸዋለች። ውሃው ለምን ቀዝቃዛ ሆነ ትላለች፤ እሳቸው ያስረዳሉ። “አሁን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እናወራለን” አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ሹመት ያገኙ ይመስሉ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? ጥሩ ነው አልኩና ፎጣ ቀየርኩ።

ቀሚሱ አለቀ። የአንገቱ ወይባ ሙሉ በሙሉ ለቀቀ፤ የእጥፋቱ ጠባሳ ፈልገው ካላዩት በቀር የማይታይ ሆነ። ጠራዡ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደው ብርሃን ላይ አዩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

“ምንም የቀረው የለም?”

“ምንም።”

“እጅጌውንስ ደህና አየሽው?”

ከፋኝ። ሥራዬን በደንብ እንደማውቅ ነግሬያቸው ሸኘኋቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ጫፉ ላይ ሻይ ፈሶበታል፤ እጄ ተንቀጠቀጠ አሉ። ትኩስ እድፍ ቀላል ነው፤ አስለቀቅኩት፤ ተቆጥቼም ሰጠኋቸው። እንደገና መጡ፤ አሁን ደግሞ ጎኑ ላይ፣ ያም ሻይ። ይህን ሳጸዳ ወገቡ ላይ ያለው ስፌት ክሩን ሳይሆን ሐሩን እየበላ መሰንጠቅ ጀመረ። ከውስጥ ስስ መረብ አድርጌ በጥንቃቄ ደገፍኩት። ከዚያ ቁርጡን ነገርኳቸው፤ ይህ ልብስ ከዚህ በኋላ እርጥበት አይችልም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከታጠበ ልጅዎ የምትለብሰው ቀሚስ ሳይሆን ክር ነው። እንደ አሮጌ ወረቀት ማለት ነው አሉ። አዎ አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። በዚህ አበቃ ብዬ አሰብኩ።

ቀሚሱን ይዘው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ባለ ላውንደሪዋ አየቻቸውና “ሽማግሌው ወደውሻል” አለች። እሳቸው ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ እኔን ሳያዩ፣ “በጣም ትንሽ ናት” አሉ።

እውነት ትንሽ ናት፣ እድፏ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ምን ነካው ብዬ አልጠየቅኩም። ማጉያዬን አነሳሁ።

ሻይ ሲደፋ ሥርዓት የለውም። ይረጫል፣ ይሮጣል፣ የለበሰ ሰው ላይ ከሆነ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታጥፎ በተቀመጠ ልብስ ላይ ከሆነ ከላይኛው ጨርቅ ወደ ታችኛው ያልፋል። ይህ ግን ክብ ነው፤ ልብሱ ተነጥፎ፣ ከላይ በማንኪያ ጠብ የተደረገ። ገለበጥኩት። የኋላው ጨርቅ እንደ ሰጠኋቸው ንጹሕ ነው። ከእድፉ ሥር፣ በውስጥ በኩል ግን፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ ጠርዝ ነበር። ሻዩ እዚያ ደርሶ ቆሟል። ከፊቱና ከኋላው ጨርቅ መካከል አንድ ነገር ገብቶ ነበር።

“ጋሼ፣ ከሥሩ ወረቀት አድርገውበታል።”

የእጅጌውን ጫፍ በጣታቸው አስተካከሉ።

“ሻይ እንደሚደፋብዎት አስቀድመው እንዴት አወቁ?”

“ሰም የተቀባ ወረቀት ነው” አሉ በመጨረሻ። “ወደ ኋላው እንዳያልፍ።”

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ያን ያህል ነበር የተናደድኩት። ልብሱ እየሞተ መሆኑን ነግሬዎት አልነበረም ወይ አልኳቸው። ነግረሽኛል አሉ፤ ለዚያ ነው ያሳነስኳት። የልጅዎ የሠርግ ልብስ ነው እኮ አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። እሳቸው የማይቀመጡበት አንድ ወንበር ነበረኝ፤ ያን ቀን ሳይጋበዙ ተቀመጡበት።

“ቀሚሱ ሲያልቅ ስልኩም ያልቃል” አሉ።

“አያልቅም። ቁጥሯ አለዎት፣ ስልክ አለዎት። እርስዎ ይደውሉላት።”

“ምን ብዬ?”

“ደህና ነሽ ወይ ብለው።”

“ደህና ነኝ ትለኛለች።”

“ከዚያስ?”

“እሱን ነው እኮ የምጠይቅሽ” አሉ ቀስ ብለው። “ከዚያስ?”

ማጉያዬን አስቀመጥኩ። የእኔ ስልክ ለመጨረሻ ጊዜ የጮኸው ቁጥር የተሳሳተ ሰው ሲደውል ነበር፤ እኔን አይደለም የፈለገው፤ ግን ይቅርታ ሲጠይቅ ችግር የለም ብዬ ከሚገባው በላይ አውርቼዋለሁ። ይህን ለጠራዡ አልነገርኳቸውም። ቀሚሱን ትተውት ይሂዱ አልኳቸው። ገመዳቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ የሚያስሩት ነገር እንደሌለ ሲያዩ መልሰው ከተቱት።

እድፏን ውሃ ሳላስነካ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ በጠቀለልኩት ርጥብ ጥጥ ብቻ፣ ከዳር ወደ መሐል እየነካሁ አስለቀቅኳት። በማግስቱ ደርቆ ነበር። ማለቁን ግን አልነገርኳቸውም። ቢጠይቁኝ አልዋሽም ነበር፤ አልጠየቁኝም፤ አልመጡም።

የደወለችው ልጅየው ናት። ቁጥሬን ከአባቷ እንደወሰደች ነገረችኝ። አነጋገሯ እንደኔ ነው፤ ሰላምታውን ሮጣ አለፈችው። ቀሚሱ ምን ደረሰበት አለች። አልቋል አልኳት። ከኋላዋ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል።

“አልቋል እንዳትዪው እባክሽ” አለች።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ሠርጉ ደርሶ የለም ወይ፣ ቀሚሱን አትፈልጊውም ወይ አልኳት። ሌላ ካሰፋች ቆይታለች። የድሮ ሐር በጉዞ እንደማይሆን የምትሰፋላት ሴት ነግራታለች፤ በዚያ ላይ የቀሚሱ ወገብ ለእሷ ልክ አይሆንም።

“ታዲያ በየሳምንቱ ለምን ትጠይቂያቸዋለሽ?”

“ሌላ ምን ልጠይቀው? ጤናህስ ስለው ይመስገን ይላል። በላህ ወይ ስለው በላሁ ይላል። የቀሚሱ ጊዜ ግን ስለ ኮምጣጤ ሲያስረዳኝ ሳቀ። አባቴ በስልክ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ትንሽ አቆዪው፣ እኅቴ። ጥሩ ምክንያት አታጪም።”

ጠረጴዛው ላይ ቀሚሱ ተነጥፏል። አባት እንዳያልቅ ሻይ ያፈሱበታል፤ ልጅ እንዳያልቅ ትለምነኛለች፤ መሐል ላይ የሚበጣጠሰው ሐሩ ነው። የሰም ወረቀቱን ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ተውኩት፤ እሱን የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ነገ ከሰዓት በኋላ አባትሽን እጠራቸዋለሁ፣ በዚህ ስልክ ደውዪ አልኳት። ምን እለዋለሁ አለች። እኔ እንጃ አልኳት፤ የቀሚሱን ነገር ብቻ እንዳታነሺ።

በማግስቱ አንድ ጥቁር የሱፍ ኮት ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፌ ነበር። የድሮ ጥቁር ቀለም እምነት አይጣልበትም፤ ከገባ በኋላ ዓይን ሳይነቅሉ ጠብቆ ቶሎ ማውጣት ነው። ጠራዡ ሲገቡ ፎጣ በእጄ ነበር። ቀሚሱን አዩት፤ ንጹሕ መሆኑን አዩ፤ ሊቀመጡ ፈልገው አልተቀመጡም። ከዚያ ስልኬ ጮኸ።

“ለእርስዎ ነው” አልኳቸው።

“በአንቺ ስልክ?”

“ልጅዎ ናት። ቀሚሱ እንዳለቀ ታውቃለች። ሌላ አሰፍታለች፣ ካሰፋች ቆይቷል። እሷም የምትደውለው ለቀሚሱ አልነበረም።”

ለስለስ አድርጌ ማለት ይቻል ነበር ይሆናል። አልቻልኩበትም። ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ እንደ አሮጌ ገጽ በጣቶቻቸው ጫፍ ይዘው ወደ ጆሯቸው ወሰዱት። አቤት አሉ። ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ሲረዝም ስልኩን ልነጥቃቸውና ራሴ ላወራላቸው እጄ ተነሳ። እጄን ይዤ ወጣሁ፤ በሩንም ዘጋሁት።

ባለ ላውንደሪዋ አንሶላ እያጠፈች ነበር። ክፍልሽን ለኪራይ ሰጠሽ ወይ አለችኝ፤ የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ እንድይዝላት ወረወረችልኝ። ያዝኩላት። በበሩ መስታወት ጠራዡ ይታዩኛል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆመዋል። አይናገሩም።

“ኮትሽ ውሃ ውስጥ ነው አላልሽም?”

“ነው።”

“ቀለሙ ይለቃል እኮ።”

“ይቆይ።”

“ይቆይ?” አንሶላውን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። “አንቺ ነሽ ይቆይ ያልሽው? ታመሻል ልጅት።”

ሁለተኛውን አንሶላ አጠፍን፤ ሦስተኛውንም። የጠራዡ ትከሻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ነገር አሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አሉ፤ በነፃ እጃቸው አየር ላይ የሆነ ነገር ስፋት ለኩ፤ ልጃቸው እንደማታያቸው ረስተውታል። የማሽኖቹ ድምፅ ስለበዛ ቃሉ አይሰማኝም። ቢሰማኝም የእኔ አልነበረም።

በመጨረሻ በሩን ከፍተው ስልኩን መለሱልኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ፈገግ ብለዋል።

“ትመጣለች?” አልኳቸው።

“አልጠየቅኳትም።”

“ታዲያ ምን አወራችሁ?”

“ምንም” አሉ። “ደጇ ላይ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ ኩሬ ሆኗል አለች። በጣውላ ነው የሚሻገሩት። ሙሽራው ትናንት ሲሻገር ወድቆ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ።” ሳቁ። “ጣውላው ምን ያህል ቢሰፋ እንደሚበጅ ነገርኳት። እሁድ እደውልላታለሁ፣ እኔ። ቧንቧው ተሠራ ወይ ብዬ።”

ሻዩንስ ነገሯት ወይ አልኳቸው። በሩን እንደዘጋሽ እሱን ነው መጀመሪያ የነገርኳት አሉ፤ እስክትመልስልኝ ነው ያን ያህል ዝም ብዬ የቆየሁት።

ቀሚሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አስረከብኳቸው። አይታጠፍም፣ አይታጠብም፣ አጠገቡ ሻይ አይጠጣም፤ ሁለተኛ ደግሞ እንዳያመጡልኝ አልኳቸው። አላመጣውም አሉ፤ እንደማያመጡትም አወቅኩ። እንደተኛ ሕፃን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው፣ ጎናቸውን እያስቀደሙ በማሽኖቹ መካከል አለፉ። ባለ ላውንደሪዋ የአንሶላውን ክምር ገፋ አድርጋ መንገድ ለቀቀችላቸው። በርቺ ዶክተር ብለው ነበር መሰለኝ፤ ማሽኑ ዋጠው።

ኮቱ ቀለም ለቆ ውሃው ቀለም ያለበት ብልቃጥ መስሏል። ኮቱን የሚያጠፋ ነገር አይደለም፤ ውሃ እየቀያየሩ ጥርት እስኪል መጠበቅ ነው፤ የቀረውን ቀን ሁሉ ይፈጃል። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፣ የምጠብቀውም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ ላነሳ ስነካው፣ ጆሯቸው ያረፈበት ገና ይሞቅ ነበር። በጥጥ ጠረግኩት፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩትና ገንዳውን ደፋሁ።